የዶለዶመ ሰንጢን ቤት ውስጥ መሳል

ሰንጢው አልቆርጥ ሲለው አብዛኛው ሰው ዓይኑን የሚጥለው ደጁ ላይ ወዳለው የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ግራ ቀኝ እያገላበጠ አሥር ጊዜ ያህል ይፍቀዋል፣ በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርገዋል፣ «ተሳለ» ብሎ ኪሱ ይከተዋል። ያን ቀን ሸንኮራ ይልጥለታል፣ ገመድም ይበጥስለታል። በሦስተኛው ቀን ዶልዱሞ ይገኛል። ጥፋቱ የሲሚንቶው ብቻ አይደለም፤ ውድ የጃፓን ድንጋይ ገዝቶ በዚያው ዘዴ የሚፍቅም ሰው መጨረሻው ያው ነው። ችግሩ አንዱ ጎን ማለቁን ሳያረጋግጡ ወደ ሌላው መገልበጡ ላይ ነው።

አንድ ጎን ማለቁን የሚናገር አንድ ምልክት አለ። ብረቱ ከአንድ ጎን ሲፋቅ እየሳሳ ይሄዳል፤ ፍቀቱ ስለቱ አፍ ላይ በደረሰ ጊዜ ከፀጉር የቀጠነ ትርፍ ብረት ወደ ማዶ ይታጠፋል። እዚህ «እጥፋት» የምንለው እሱን ነው። በዓይን ለማየት ያስቸግራል፣ በጣት ግን ይዳሰሳል። ከእጀታው አጠገብ ጀምሮ እስከ ሹሉ ጫፍ ሳይቋረጥ ከተዳሰሰ ያ ጎን አልቋል። ካልተዳሰሰ፣ መቶ ጊዜ ቢፋቅም አላለቀም። ድንጋዩም፣ ቁጥሩም፣ ውሃና ዘይቱም የሚያገለግሉት ይህን እጥፋት ለማውጣትና በኋላ ደግሞ ለማስወገድ ነው።

መጀመሪያ ቢላውን ማየት

ሰንጢውን ከፍተው ስለቱን ወደ ላይ ያድርጉና አምፖል ሥር ቀጥ ብለው ይመልከቱት። ስል የሆነ አፍ ብርሃን የሚመልስበት ስፋት ስለሌለው ምንም አያበራም። ነጭ ክር መስሎ የሚያበራ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ዶልዱሟል ማለት ነው፤ ክሩ በወፈረ መጠን ሥራው ይበዛል። ነጥብ ነጥብ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ ተሸርፏል።

ይህን ማየት የሚጠቅመው ከየትኛው ሸካራነት መጀመር እንዳለብዎት ስለሚነግርዎት ነው። የመሳያ ወረቀትና ድንጋይ ሸካራነት በቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሸካራ ነው። በዓይን የሚታይ ሽራፊ ካለ ከቁጥር 240፣ ወፍራም ነጭ መስመር ካለ ከ400፣ ቀጭንና የተቆራረጠ መስመር ብቻ ከሆነ በቀጥታ ከ1000 ይጀመራል። ሁልጊዜ ከሸካራው የሚጀምር ሰው ሰንጢውን በከንቱ ያሳሳዋል። ሁልጊዜ ከለስላሳው የሚጀምር ደግሞ ሰዓት ሙሉ ፍቆ እጥፋቱን ሳያገኝ ይሰለቻል።

ስለት በ3 መንገድ ይበላሻል፦ ወደ ጎን ይጋደማል፣ ይሸረፋል፣ ወይም ይበላል። ሥጋ ቤት ውስጥ ሁለት ቢላ ሲያፋጩ የምናየው ለመጀመሪያው የሚሆን መድኃኒት ነው። ፍጭቱ የተጋደመውን አፍ ያቀናዋል እንጂ ብረቱን እምብዛም አይቀንሰውም፤ ስለዚህም ነው ባለ ሥጋ ቤቱ በቀን ስንት ጊዜ የሚደጋግመው። ካርቶንና አቧራ ያለበት ገመድ ሲቆርጥ የከረመ ሰንጢ ግን አፉ ተበልቶ ክብ ሆኗል። ክብ የሆነውን ደግሞ የሚያስተካክለው መፋቅ ብቻ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ማጠፊያውን ያጽዱ። የሰንጢ ቆሻሻ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ የፍራፍሬ ጭማቂ፣ የኪስ ብናኝ፣ አሸዋ። በጥርስ መፋቂያ እንጨት (ስቴኪኒ) ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልለው በሳሙና ውሃ ይጥረጉና ያድርቁት። አሸዋ ያለበት ማጠፊያ ሲከፈትና ሲዘጋ የቢላውን ጎን ይጭረዋል፣ ቢላውንም ያወላክፈዋል። የሚወላከፍ ቢላ ደግሞ አንድ ማዕዘን ላይ ጸንቶ አይፋቅም።

በምን ይሳላል

ድንጋይ ከሌለዎት ለመግዛት አይጣደፉ። ለመኪና ቀለም ሥራ የሚሸጠው ጥቁሩ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ለሰንጢ ከበቂ በላይ ነው። ቁጥር 400፣ 1000 እና 2000 አንድ አንድ ሉህ ይግዙ፤ የተሸረፈ ቢላ ካለዎት 240ም ይጨምሩ። አንዱ ሉህ ብዙውን ጊዜ 230 በ280 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ 70 በ230 የሆኑ 4 ቁራጮች ይወጡታል። መደገፊያው ከቤት ሥራ የተረፈ የወለል ሴራሚክ ይሁን። የሚያብረቀርቀውን ፊት ውሃ አርከፍክፈው ወረቀቱን ቢለጥፉበት ውሃው ራሱ ይይዘዋል። ሴራሚኩ ቀጥ ያለ መሆኑን ማስመሪያ በቁሙ አሳርፈው፣ በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ አይተው ያረጋግጡ። ከሴራሚኩ በታች እርጥብ ፎጣ ካነጠፉ አይንሸራተትም።

ወረቀት ላይ ሲሠራ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ ቢላው ሁልጊዜ በጀርባው አቅጣጫ ይሳባል። ስለቱን አስቀድመው ከገፉት ወረቀቱን ይቀደዋል፣ ስለቱም ይጎዳል።

ድንጋይ ያለው ሰው ስለቱን አስቀድሞ መግፋት ይችላል። በሕንጻ መሣሪያ መደብር የሚገኘው ባለ ሁለት ፊቱ ግራጫ ድንጋይ አንዱ ፊቱ ሸካራ፣ ሌላው ልዝብ ነው። ላዩ ላይ ውሃና አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይደረግበታል። ዘይት ከመረጡ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን። የምግብ ዘይት ቀን ሲቆይ ሙጫ ይሆንና የድንጋዩን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል፤ ያኔ ቢላው ይንሸራተታል እንጂ አይፋቅም። አንዴ ዘይት የጠጣ ድንጋይ ደግሞ ወደ ውሃ አይመለስም፣ ስለዚህ አንዱን መርጠው በእሱ ይጽኑ። የአልማዝ ብናኝ የተለበጠበት ዝርግ መሳያ ካለዎት በጠነከረ ብረት ላይ ይፈጥናል፣ ነገር ግን አይጫኑት፤ ጫና የአልማዙን ቅንጣት ከመሠረቱ ይነቅለዋል። (የወረቀቱና የድንጋዩ ቁጥር አንድ ለአንድ አይገጥምም። «1000» ተብሎ የተጻፈበት ድንጋይና 1000 ወረቀት የሚተዉት ጭረት ይለያያል፤ ቁጥሩን እንደ ቅደም ተከተል ብቻ ይዩት።)

ሦስተኛው መሣሪያ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። የቡና ሲኒን ገልብጠው መቀመጫውን ቢዳስሱ፣ ብዙ ሲኒዎች ላይ ያልተቀባ ሻካራ ቀለበት ያገኛሉ። ያ ቀለበት እንደ ልዝብ መሳያ ያገለግላል። የሻይ ኩባያ ሰፋ ስለሚል ይሻላል። ሲኒ የዶለዶመ ቢላ አያድንም፤ ጥሩ ሆኖ ትንሽ የደከመውን ግን በደቂቃ ይመልሰዋል። ቀለበቱ ላይ ጥቁር መስመር ከቀረ ብረቱን እየፋቀ ነው ማለት ነው፤ ሥራው ሲያልቅ በሳሙናና በሻካራ ስፖንጅ ይለቃል። ጀበናን ግን አይሞክሩት፤ ሸክላው ለስላሳ ስለሆነ የሚፋቀው እሱ ራሱ ነው።

ማዕዘኑ

ለኪስ ሰንጢ በየጎኑ 20 ዲግሪ ይበቃል። ፍራፍሬ ብቻ የሚልጥ ቀጭን ቢላ ወደ 15 ሊወርድ ይችላል፣ ሽቦና ወፍራም ገመድ የሚገጥመው ደግሞ 22 እና 23 ቢሆን ይቆያል። የስዊስ ሰንጢ የሚሠራው ቪክቶሪኖክስም በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይመክራል።

ዲግሪ በዓይን አይለካምና ወደ ሚሊሜትር እንቀይረው። የቢላውን ስፋት ከስለት እስከ ጀርባ በማስመሪያ ይለኩ። ስፋቱ 15 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 20 ዲግሪ ማለት የጀርባው መሃል ከድንጋዩ 5 ሚሊሜትር ከፍ ሲል ነው። 12 ሚሊሜትር ለሆነ 4፣ 20 ለሆነ ደግሞ ወደ 7 ሚሊሜትር ይጠጋል። የብዙ ሰንጢ ጀርባ 2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ስለዚህ በጀርባው ታችኛ ጠርዝና በድንጋዩ መካከል የሚታየው ክፍተት ከዚህ 1 ሚሊሜትር ያንሳል። ለ15 ሚሊሜትሩ ቢላ 4 ሚሊሜትር ማለት ነው። ሳንቲሞች ደራርበው በማስመሪያ 4 ሚሊሜትር እስኪሞሉ ይቁጠሩና ጀርባውን አሳርፈውበት እጅዎን ያለማምዱ፤ ከዚያ ሳንቲሞቹን አንስተው እጅዎ የያዘውን ከፍታ ይዘው ይቀጥሉ።

ማስመሪያ ከሌለ ወረቀት አለ። የደብተር ወረቀት ጥግ 90 ዲግሪ ነው፤ አንድ ጊዜ እኩል ሲታጠፍ 45፣ ሁለተኛ ሲታጠፍ 22 ተኩል ይሆናል። የታጠፈውን ሦስት ማዕዘን ድንጋዩ ላይ አቁመው ቢላውን ያስተያዩት።

ከሁሉ የሚታመነው ግን ማርከር ነው። ከስለቱ አፍ ወደ ላይ ያለችውን ጠባብ ተዳፋት በማይለቅ ማርከር በሁለቱም ጎን ያጥቁሯት፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ይፋቁና ይዩ። ቀለሙ አፉ ላይ ቀርቶ ከላይ በኩል ብቻ ከለቀቀ ጀርባው ዝቅ ብሏል፤ እንዲህ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ቢፋቅ ድንጋዩ አፉን አይነካውም። አፉ ላይ በቀጭኑ ብቻ ከለቀቀ ጀርባው ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል። ተዳፋቷ ሙሉ በሙሉ ከነጣች ማዕዘኑ ፋብሪካው የሠራው ነው፤ ያንኑ ይያዙ። «ሰዓት ሙሉ ፍቄ አልሳል አለኝ» ከሚለው ስሞታ አብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ይገኛል።

አፋፋቁ

እጀታውን በቀኝ እጅ፣ የግራ እጅ ሁለት ጣቶች ደግሞ ቢላው ጎን ላይ፣ ከስለቱ ትንሽ ራቅ ብለው። የሚጫኑት እነዚህ ሁለት ጣቶች ናቸው፤ ቀኝ እጅ ማዕዘኑን ብቻ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ስለ ማጠፊያው አንድ ነገር ማወቅ ያሻል። መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ የሚዘጋው ስለቱ ወዳለበት አቅጣጫ ነው። ስለቱን አስቀድመው ሲገፉ ድንጋዩ ቢላውን ወደ ጀርባው ስለሚገፋው ክፍት እንደሆነ ይቆያል። በጀርባው ሲስቡት ግን ግጭቱ ወደ መዝጋት ይጎትተዋል፤ ወረቀትና ቀበቶ ላይ የሚሠራው ሁሉ ደግሞ እንዲህ ነው። ስለዚህ ጣትዎን ከእጀታው ክፍተት ፊት አያስቀምጡ፣ ጀርባውንም በአውራ ጣት ወደ ታች አይጫኑ። ለሚያሰጋ ሰንጢ ቢላውና እጀታው የሚገናኙበትን ቦታ ጀርባው ላይ ትንሽ እንጨት ደግፈው በፕላስተር መጠቅለል ይቻላል።

400 ወረቀት ላይ ውሃና የሳሙና ጠብታ አድርገው ይጀምሩ። ጫናው 1 ኪሎ ያህል ነው። ይህን በግምት ከመተው የወጥ ቤት ሚዛን ላይ በሁለት ጣት ተጭነው 1 ኪሎ ምን እንደሚመስል እጅዎን ያስተምሩት፤ አብዛኛው ሰው ከዚያ በእጥፍ ሲጫን ራሱን ያገኘዋል። ከእጀታው አጠገብ ያለው የስለቱ መነሻ ወረቀቱን ነክቶ ይጀምርና፣ ቢላው ወደ እርስዎ ሲሳብ ሰያፍ እየሄደ ጫፉ ላይ ይጨርስ። ስለቱ ወደ ጫፉ መታጠፍ ሲጀምር እጀታውን በትንሹ ከፍ ያድርጉ፤ አለበለዚያ የታጠፈው ክፍል ወረቀቱን ሳይነካ ያልፋል። ከወረቀቱ ዳር አንድ ሴንቲሜትር ሲቀር ያቁሙ። ጫፉ ዳር አልፎ ከወደቀ ሹልነቱ በሁለት ቀን ሥራ ክብ ይሆናል።

ከእጀታው አጠገብ ያለው መነሻ በብዛት ሳይፋቅ ይቀራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እጀታው ከሴራሚኩ ጠርዝ ጋር ይጋጭና ቢላውን ያነሳዋል። ወረቀቱን ከሴራሚኩ ቀኝ ጠርዝ ጋር አስተካክለው ይለጥፉ፣ እጀታው ከጠርዙ ውጭ ይንጠልጠል።

ከ15 ፍቀት በኋላ ቢላውን ጠርገው እጥፋቱን ይፈልጉ። ያልተፋቀው ጎን ላይ አውራ ጣትዎን ከጀርባው ወደ ስለቱ፣ ከዚያም ከስለቱ ውጭ ወዳለው አየር ያንሸራትቱ። በስለቱ ርዝመት መስመር ጣት አይሄድም፤ ያ መቆረጥ ነው። እጥፋት ካለ ጣቱ መጨረሻ ላይ በጣም ቀጭን ነገር ያዝ ያደርገዋል፣ የጨርቅ ጠርዝ ሲነካ እንደሚሰማው ዓይነት። ጣቱ ካልለመደ ጥጥ ይጠቀሙ፤ ጥጡን በዚያው አቅጣጫ ሲያሻሹት እጥፋቱ ቃጫዎቹን ይነጭላቸዋል። ጥጡ ሳይያዝ ያለፈበት ቦታ እጥፋት የለም፤ ያንን ቦታ ብቻ ለይተው ይፋቁት። 6 ሴንቲሜትር ርዝመት ላለው ለስላሳ ብረት አንዱ ጎን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 60 ፍቀት ይወስዳል። ነገር ግን ቁጥሩን አይከተሉ፤ ቁጥር እየቆጠሩ መገልበጥ ነው መጀመሪያውኑ ሲሚንቶው ላይ ያበላሸዎት።

እጥፋቱ ሳይቋረጥ ሲዳሰስ ያን ጊዜ ይገለበጣል። ሁለተኛው ጎን በአብዛኛው ቶሎ ያልቃል፤ አፉ ላይ የነበረው ክብ ብረት አስቀድሞ ተነስቶለታል። እጥፋቱ ወደ መጀመሪያው ጎን ሲሻገር በሸካራው ያለው ሥራ አበቃ።

ከዚህ ወዲያ 1000 ነው። ቢላውንም ሴራሚኩንም ይጠቡ፤ አንዲት የ400 ቅንጣት 1000ው ላይ ብትቀር በየፍቀቱ ጭረት ትጥላለች። ጫናው ወደ ግማሽ ኪሎ ይውረድ። ዓላማው አዲስ ቅርጽ ማውጣት ሳይሆን የ400ውን ጭረት ማጥፋት ስለሆነ፣ የሚስቡበትን ሰያፍ በትንሹ ይለውጡት። የአዲሱና የአሮጌው ጭረት አቅጣጫ ሲለያይ አሮጌው ጠፍቶ እንደሆነ ብርሃን ላይ ይታያል። እዚህም እጥፋት ይወጣል፣ ከቀድሞው ግን የሳሳ ነው።

2000 የግድ አይደለም። ገመድ፣ ሥጋና የቲማቲም ልጣጭ የሚቆርጥ ስለት ትንሽ ጥርስ ቢኖረው ይሻለዋል፣ 1000 ደግሞ ያን ጥርስ ይተውለታል። እንጨት ለመቅረጽ ወይም እርሳስ ለመቅረጽ ከሆነ 2000 ላይ መጨረስ ያምራል። እንደ እኛ ግምት ለኪስ ሰንጢ ከ1000 በላይ መሄድ ከጥቅሙ ደስታው ይበልጣል።

እጥፋቱን መጣል

ሰንጢ «ተስሎ በማግሥቱ ዶለዶመ» የሚባለው እዚህ ደረጃ ላይ ሲታለፍ ነው። እጥፋቱ ራሱ ቀጭን ስለሆነ ይቆርጣል፤ ወረቀት እንኳ ይቀዳል። መጀመሪያ ጠንከር ያለ ነገር ሲገጥመው ግን ይተኛና አፉን ይሸፍነዋል፣ ወይም ይገነጠልና ሥሩ ሸካራ ሆኖ ይቀራል። ያኔ ባለቤቱ ብረቱን ይረግማል።

በመጨረሻው ቁጥር ላይ ጫናውን ወደ 200 ግራም ያውርዱት፤ የቢላው ክብደትና ትንሽ ጣት ነው። ከዚያ 5 ጊዜ በአንዱ ጎን፣ 5 በሌላው፤ 3 እና 3፤ በመጨረሻ አንድ ለአንድ እያፈራረቁ 10 ጊዜ። ጥጡን በሁለቱም ጎን ይሞክሩ። አሁንም የሚያዝ ካለ ጀርባውን በስሜት ያህል ብቻ፣ ከግማሽ ሚሊሜትር ሳይበልጥ ከፍ አድርገው በዚያ ጎን ሁለት ጊዜ እንደ ላባ ይሳቡት። እልህ የያዘ እጥፋት ቢላውን ለስላሳ እንጨት ላይ አንዴ በቀስታ ሲስቡት ይነቀላል።

ስሙ የማይታወቅ፣ «ስቴንለስ» ብቻ ተጽፎበት በርካሽ የሚሸጥ ሰንጢ እዚህ ላይ ያስቸግራል። ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ እጥፋቱ ከመላቀቅ ይልቅ ግራ ቀኝ ይተኛል። መፍትሔው ጫናን መቀነስ ነው እንጂ ፍቀት መጨመር አይደለም። የቪክቶሪኖክስ ብረት ጥንካሬው 56 ሮክዌል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ) አካባቢ ነው፤ ቶሎ ይሳላል፣ ቶሎም ይደክማል፣ እጥፋቱን ግን በሥርዓት ይለቃል። ዲ2 የሚባለው ብረት ወደ 1.5 በመቶ ካርበንና 12 በመቶ ክሮሚየም ስላለው በውስጡ ጠንካራ ቅንጣቶች ይበዛሉ፤ በተራ ድንጋይ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ አልማዝ ይሻለዋል። ማግኔት ቢይዘውም «ስቴንለስ አይደለም» ብለው አይፍረዱ፤ የቢላ ስቴንለስ በማግኔት ይያዛል።

ቀበቶ

አሮጌ የቆዳ ቀበቶ (እውነተኛ ቆዳ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ አይደለም) ሻካራው ውስጠኛ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ 25 ሴንቲሜትር በሚሆን ጣውላ ላይ በሙጫ ይለጠፍ። አንጥልጥሎ ወጥሮ መጠቀም ይቻላል፣ ነገር ግን የሚረግብ ቆዳ አፉን ክብ ያደርገዋል። ላዩ ላይ የብረት መወልወያ ቅባት ቢቀባ ፈጣን ነው። የጥርስ ሳሙናም በመጠኑ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ቢላውን ማጠብ እንዳይረሳ። ቀበቶ ከሌለ ሴራሚኩ ላይ 4 ጊዜ የታጠፈ ጋዜጣ ይበቃል።

ቢላው በጀርባው ይሳባል፣ በየጎኑ 10 ወይም 15 ጊዜ፣ ያው ማዕዘን ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ። መጨረሻ ላይ ቢላውን እያነሱ አያዙሩት፤ መጀመሪያ ይቁም፣ ከዚያ ይነሳ። ሲዞር ቆዳው ወደ ላይ ይጠቀለልና ያወጡትን አፍ ይበላዋል። መጫን የለም።

መፈተኛው ጋዜጣ ነው። በአንድ እጅ አንጠልጥለው ከዳሩ ወደ ታች ይቁረጡ፤ ከመነሻው እስከ ጫፉ ያለ ድምፅ ከሄደ አልቋል። የሚያዝበትና የሚቀድበት ቦታ ካለ ቢላው የትኛው ክፍሉ እዚያ እንደደረሰ ይዩና እዚያው ላይ እጥፋት ወይም ነጭ ብርሃን ይፈልጉ። የክንድ ፀጉር መላጨት ለፎቶ ያምራል፤ ቲማቲም ግን የበለጠ እውነት ይናገራል። ቢላውን ሳይጫኑ፣ በክብደቱ ብቻ ልጣጩን ሊገባ ይገባል።

ሌሎች የሚያጋጥሙ ነገሮች

የቢላው ጎን ላይ ሰፊ ጭረት ከወጣ ጀርባው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። መልኩን እንጂ ስለቱን አይጎዳም። ፕላስተር ጎኑ ላይ ለጥፎ መሥራት ለሚቀጥለው ጊዜ ያድናል።

ድንጋይዎ መሃሉ ጎድጉዶ ከሆነ ቀጥ ያለ ማዕዘን አያገኙበትም። ላዩ ላይ በእርሳስ መስመር ይሳሉና፣ ሴራሚክ ላይ በተለጠፈ 120 ወረቀት በውሃ መስመሮቹ እስኪጠፉ ድረስ ያሹት።

መጋዝ ጥርስ ያለው ክፍል ዝርግ ድንጋይ ላይ አይፋቅም። 600 ወረቀት በእርሳስ ላይ ጠቅልለው፣ ተዳፋቱ ባለበት ጎን ብቻ እያንዳንዱን ጉድጓድ ለየብቻ 5 ወይም 6 ጊዜ ይጥረጉ። ጥርሱ ከእርሳሱ ከጠበበ የስቴኪኒ እንጨት ይበቃል። ሌላው ጎን ዝርግ ነው፤ እዚያ ላይ የሚወጣውን እጥፋት አንድ ጊዜ አጋድመው ይጥረጉት፣ በቃ።

በኤሌክትሪክ ግራይንደር መሳልን ለአካፋና ለመጥረቢያ ይተዉት። የሰንጢ አፍ ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱ የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ ዓይን ሳይጨፈን ይግላል። ብረቱ ላይ የገለባ ቢጫ መልክ ሲታይ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፏል፣ ሰማያዊ ሲሆን ወደ 300 ተጠግቷል። ያ ሰማያዊ ቦታ የጥንካሬውን ከፊል አጥቷል፤ ስንት ጊዜ ቢሳል ቶሎ ይተኛል። ማስተካከያው በእጅ፣ በውሃ፣ ሰማያዊው እስኪያልቅ ድረስ መፋቅ ብቻ ነው።

ሁለት ብረት ተጣምሮ ቢላው መሃሉ የሚሳብበት ትንሽ መሳያም ብዙ ቤት አለ። ለወጥ ቤት ቢላ ይሁን። ማዕዘኑን አይመርጡበትም፣ ብረቱን ይቧጥጣል እንጂ አይፍቅም፣ ከእጀታው አጠገብ ያለውን ክፍልም ስለማይደርስበት ከዓመት በኋላ እዚያ ጉብታ ይቀራል።

ጣት ከተቆረጠ በንጹሕ ውሃ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሳያነሱ ይጫኑት። ካልቆመ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ከተሳለ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ በሲኒው መቀመጫ ላይ በየጎኑ 5 ጊዜ፣ ከዚያም ቀበቶ ላይ 10 ጊዜ መሳብ ሙሉ ስለቱን ወራት ያቆየዋል። በሴራሚክ ሳህንና በብርጭቆ ላይ የሚቆርጥ ሰው ግን ይህም አያድነው፤ ሳህኑ ከብረቱ ይጠነክራል። እንጨት ላይ ይቁረጡ።

ሲያበቁ በሙቅ ውሃና ሳሙና አጥበው፣ ከፍተው ያድርቁት። ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይጣልና 10 ጊዜ ይከፈት ይዘጋ፤ የወጣውን ጥቁር ዘይት ይጥረጉ። ስቴንለስ ላልሆነ፣ ሎሚና ብርቱካን የሚያጠቁረው የካርበን ብረት ደግሞ ቢላው ላይ በጨርቅ በጣም ስስ ቫዝሊን ይቀባ፤ ምግብ ከመቁረጥዎ በፊት በጨርቅ ይጠረጋል።